ጉቶና ቃል፦ ስለማይታይ ሥራ ታማኝነት

ከሲቀላ በላይ ባለው የአርባ ምንጭ ከተማ ክፍል፣ በሴቻ፣ አጥሩን የተጠጋ ባሕር ዛፍ ለማስቆረጥ የሚዋዋል ባለቤት ከዋጋው ቀጥሎ ሊጠይቅ የሚገባው ስለ ጉቶው ነው። ጉቶ ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ከሥሩ ጋር በመሬት የሚቀረው የግንዱ ታችኛ ክፍል ሲሆን፣ ዛፉን መቁረጥና ጉቶውን መንቀል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ለመጀመሪያው መጋዝና መጥረቢያ ሲበቁ፣ ሁለተኛው ዙሪያውን በዶማና በድጅኖ መቆፈርን፣ የጎን ሥሮችንም አንድ በአንድ መበጠስን ይጠይቃል። ይሁን እንጂ አፈር ከተመለሰበት በኋላ የተነቀለውና የተሸፈነው አንድ ስለሚመስሉ፣ ከፋዩ ሊያየው የማይችለውን ሥራ እውነተኛ የሚያደርገው ምንድን ነው የሚል ጥያቄ ይነሣል።

ሕግ በከፊል ይመልሳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2610 የሥራ ውልን ሠሪው በራሱ ኃላፊነት አንድን ውጤት ለማስገኘት የሚገባው ግዴታ አድርጎ ሲተረጉመው፣ በአንቀጽ 1732 ደግሞ ውሎች በቅን ልቦና፣ ማለትም በተዋዋዮቹ መካከል ሊኖር በሚገባው ታማኝነትና መተማመን መሠረት እንዲተረጎሙ ያዛል። ዳኛ ግን የሚደርሰው ክርክር ተነሥቶ ማስረጃ ሲቀርብ በመሆኑ፣ ከአፈር በታች የተቀበረው ነገር አስቀድሞ ለሠሪው ኅሊና የተተወ ነው።

ሃይማኖት የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆላስይስ ምእመናን በጻፈው መልእክት ለሰው ዓይን ብቻ የሚደረግን አገልግሎት ይነቅፋል፤ በእስልምናም ኢሕሳን የሚባለው ፈጣሪን እንደሚያዩት ሆኖ የመገዛት ደረጃ ሠሪው ሳይታይ የሚውልበት ሰዓት እንደሌለ ያስተምራል። በጋሞ ባህል ጎሜ የሚባለው፣ ከአባቶች የተወረሰውን ሥርዓት በመጣስ የሚመጣው ጥፋትና መዘዙ፣ በአጥፊው ሳይወሰን ለቤተሰቡና ለአካባቢው ሊተርፍ ስለሚችል፣ አጥፊው ጥፋቱን ራሱ አውጥቶ እንዲናገርና በሽማግሌዎች ፊት እርቅ እንዲያወርድ ይጠበቅበታል። ሦስቱም ትምህርቶች በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ጥፋት ስላልታየ አይጠፋም።

ከዚህ ተነሥቶ ታማኝ ሠሪ ሁልጊዜ ሥሩን የሚነቅል ነው ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገሪቱ የገባውን ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ የሚተክል ገበሬ ጉቶውን የሚተወው ሆን ብሎ ነው፤ ከቅርፊቱ ሥር የተኙት እንቡጦች አቆጥቁጠው አዲስ ግንድ ስለሚያወጡለት፣ ንቀልልኝ ሳይሆን ጠብቅልኝ ይላል። በጋሞ ተዳፋት ደግሞ የሞተ ሥር እንኳ እስኪበሰብስ ድረስ አፈርን ስለሚይዝ፣ ነቅሎ ገደሉን ከመክፈት ትቶ ማለፍ የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ታማኝነቱ የሚገኘው በጉድጓዱ ጥልቀት ሳይሆን፣ ሠሪው ስለ ሥሩ የሰጠው ቃል ከሥሩ ጋር በመስማማቱ ነው፤ ያው ጉቶ፣ ከተነገረ ምክር፣ ከተደበቀ ማታለል ይሆናል። በአንጻሩ ዋጋውን እስከ መቁረጫው ድረስ አውርዶ ንቅለት የሚጠብቅ ባለቤትም ከሐሰቱ ድርሻ አለው፤ ሠሪው እንዲዋሽ መንገዱን ጠርጎለታልና።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ዘወትር የመመርመርን ግዴታ በጠያቂው ላይ ይጥላል። ስሟን ከምንጮቿ ባገኘችው ከተማ ግን ቃሉ ሌላ ፍቺ ያዝላል፤ ጠያቂው ወደ ሥሩ ሊወርድ ካልቻለ፣ ወርዶ ያየው ሰው ጥሩ ውኃ የሚቀዳበት ምንጭ ሊሆንለት ይገባል። መጽሐፈ ኢዮብ የተቆረጠ ዛፍ በውኃ ሽታ ዳግም ማቆጥቆጡን የተስፋ ምሳሌ አድርጎ ያነሣዋል። ክረምት ሲገባ በግቢው ጥግ የሚወጣው ቡቃያም እውነቱ ለተነገረው ባለቤት የሚጠብቀው ነገር ነው፤ ላልተነገረው ግን የተቀበረውን የሚያወጣ ምስክር ነው።