ቀለም የሸፈነው ብየዳ

ባለፈው ጥር ጎንደር ውስጥ ከአንድ ጋራዥ ደጃፍ ቆመን አሮጌ የቶዮታ ፒክአፕ ሲጠገን አየን። የኋላው ባሌስትራ ከሻንሲው የሚያያዝበት ብረት ዝጎ ተሰንጥቋል። ባለቤቱ፣ «ጋሼ፣ ዝም ብለው ይበይዱልኝና ቀለም ይቀቡት፤ ነገ ደባርቅ እወጣለሁ» ይላል። ሽማግሌው መካኒክ፣ «ልጄ፣ ዝገት ላይ ብየዳ ይይዛል?» አሉት።

ለመሆኑ ስንጥቁ የማን ነው? መኪናውም ብሩም የሱ ነው፣ የታዘዘውን መሥራት ነው እንጂ፣ ያልን ነበርን። ስለ ገንዘብ ማጣት ለተማሪ አይነገርም!

ግን ባሌስትራ ጭነት መሸከም ብቻ አይደለም ሥራው፤ የኋላውን አክስል በቦታው የሚያቆመውም እሱ ነው። የፊተኛው ማያዣ ከተነቀለ አክስሉ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ መኪናውም መሪ አይሰማም። ይህ ከደባርቅ ወዲያ፣ ጣሊያን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በሠራው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ቢሆንስ? ከጭነቱ ላይ የተቀመጡት ገበያተኞች ስንጥቁን አላዩም፣ አልተዋዋሉም። ቀለሙ የሚቀባው እንግዲህ ለነሱ ዓይን ነው። የባለቤቱ ችግር እውነት ነው፤ ችግሩን በማያውቅ ሰው አንገት ላይ መጫኑ ግን ከየት የመጣ መብት ነው? (ብረት ሠሪን «ቡዳ» ሲል የኖረ አገራችን፣ ነፍሱን ለብየዳ አደራ ሰጥቶ ቁልቁለት ይወርዳል።)

ሽማግሌው ዝገቱን እስከ ደህናው ብረት ሞረዱ፤ ወፍራም ላሜራ ደርበው በየዱ። ባለቤቱ አጎንብሶ እስኪያይ ድረስ ቀለም አላስነኩም። ሁለት ቀን ዘገየ፤ የጎደለውን ሒሳብ በዱቤ ያዙለት። እኛም ኪሳችንን ዳበስን፤ ላዋጣ ያለ ግን አልነበረም።