የእጅ ዕዳ

ሰው የሚማረው በሰው ላይ ነው። መምህር በተማሪ፣ ዳኛ በተከሳሽ፣ ፀጉር አስተካካይም በጎረቤት ልጅ ጭንቅላት ላይ። ከሁሉም የሚብሰው ግን የቀዶ ሕክምና ተማሪ ነው። እሱ የሚማረው እናንተ ሆድ ላይ ነው፤ ያውም በሰመመን ተኝታችሁ። ሕዝቡ ይህን እያወቀ እንዳላወቀ ያልፈዋል። ማለፉም ደግ ነው። ሁሉም ሕመምተኛ "እኔን የበሰለ እጅ ብቻ ይንካኝ" ካለ የነገው የበሰለ እጅ ከየት ይመጣል?

ይህ በጽሑፍ ያልሰፈረ ውል ኮቪድ ሲመጣ ተናጋ። በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ቀጥሎ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ሚሊኒየም አዳራሽ ድግስና ኮንሰርቱን ትቶ የሕክምና ማዕከል ሆነ። ብዙዎቻችን ያላየነው ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ የሆነውን ነው። መጠበቅ የሚችል ሁሉ ይጠብቅ ተባለ። እንቅርት ይጠብቅ፣ ቡአ ይጠብቅ፣ የሐሞት ጠጠር ይጠብቅ። ነገሩ የእኛ ብቻ አልነበረም። ኮቪድሰርጅ የተባለው ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ጥምረት በዚያው ዓመት ባወጣው ግምት፣ ወረርሽኙ በሚከፋባቸው 12 ሳምንታት ብቻ በዓለም ዙሪያ 28 ሚሊዮን ያህል ቀዶ ሕክምና ይሰረዛል ወይም ይተላለፋል ብሎ ነበር።

ልብ በሉ፤ እንቅርትና ቡአ ለሕመምተኛው ቀጠሮ ናቸው፣ ለሬዚደንቱ ግን ፊደል ናቸው። ሀ ሁ የሚቆጥረው በእነሱ ነው። እርግጥ ድንገተኛው አልቀረም። አንጀቱ የተጠማዘዘው፣ ትርፍ አንጀቱ የፈነዳው መጥቷል፤ አንዳንዱም ሆስፒታሉን ፈርቶ ቤቱ ሰንብቶ፣ ብሶበት። እንዲህ ያለው ደግሞ ለጀማሪ አይሰጥም። በዚያ ላይ ክፍሉ የሚገባው ሰው ይቀነስ፣ ጓንትና ማስክ ይቆጠብ፣ ምላጩንም ሲኒየሩ ይያዝና ቶሎ ይጨርስ ተባለ። ለሕመምተኛውም ለሐኪሙም ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ተማሪው ግን በር ላይ ቀረ። በብዙ አገር ከበሩም ተነሥቶ ወደ ኮቪድ ክፍል ተላከ። ሙያውን የሚማርበትን ጊዜ ተቀማ፤ በምትኩ የተሰጠው ለበሽታ መጋለጥ ነው።

ብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ አስተምሬአለሁ። አንድ መንፈቅ የተዘጋበት የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ክረምቱን መጽሐፍ ደራርቦ ያነብና ይደርሳል። የቅኔ ተማሪም ቢሆን ጉባኤው ቢበተንበት አኩፋዳውን አንግቶ ሌላ መምህር ፍለጋ ይሄዳል። የእጅ ትምህርት ግን እንዲህ አይደለም። ያኔ በየአገሩ ሬዚደንቶች በዙም ትምህርት ሲከታተሉ፣ ወንበር እግር ላይ ክር እያሰሩ ቋጠሮ ሲለማመዱ ከረሙ። ጥሩ ነው። የወንበር እግር ግን አይደማም። የወጌሻ ልጅ እንኳ አባቱ አጥንት ሲመልስ በዓይኑ ስላየ ብቻ ወጌሻ አይሆንም፤ አንድ ቀን የራሱ ጣት ስብራቱን መዳሰስ አለበት።

ስለ እነዚህ ልጆች ሳስብ ይበልጥ የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። የቀዶ ሕክምና ተማሪ የሚመኘው ነገር እንግዳ ነው፤ የሚመኘው የሰው ሕመም ነው። በሌሊት ተረኝነቱ "ዛሬ አንድ ትርፍ አንጀት በመጣልኝ" ይላል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ዳቦ ጋጋሪ ዱቄት እንደሚጠብቀው ነው። በደህናው ጊዜ ይህ ምኞት ማንንም አይጎዳም፤ ሕመምተኛው እንደሆነ መምጣቱ አይቀርም። በወረርሽኝ ጊዜ ግን ልጁ ራሱን መታዘብ ይጀምራል። ሰው በአየር እጦት እየሞተ "የእኔ ትምህርትስ?" ማለት ነውር ሆኖ ይታየዋል። ስለዚህ ዝም ይላል። ዝምታው ደግሞ ለሙያው አዲስ አይደለም። የሬዚደንትነትን ሥርዓት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ የመሠረተው ዊልያም ሃልስተድ፣ ኮኬይንን ለማደንዘዣነት በራሱ ላይ ሲሞክር ሱስ የያዘው፣ ኋላም ሞርፊን የተጨመረበት ሰው ነበር፤ ይህንኑ ከብዙ ሰው ሸሽጎ ኖሯል። ሕመምን ደብቆ መቆም ከመሥራቹ የወረደ ነው ብል እምብዛም የማጋነን አይመስለኝም።

እንግዲህ ጥያቄው ይኸው ነው፦ የጎደለውን ማን ይክፈል? የአሜሪካ የቀዶ ሕክምና ቦርድ በዚያው ዓመት ለሚመረቁት ከሚፈለገው የቀዶ ሕክምና ብዛት አንድ አሥረኛ ቢጎድል እቀበላለሁ አለ። ለልጆቹ ርኅራኄ ነው። ግን የዚያች አንድ አሥረኛ ዕዳ ጠፍታ አትጠፋም፤ ከሐኪሙ ትከሻ ወርዳ ወደማያውቃት ሕመምተኛ ትሄዳለች። "እንግዲያው ዓመት ይጨመርባቸው" ብንልስ? ያኔ የሚከፍለው ልጁ ነው፤ ቤተሰቡም፣ ሐኪም የምትጠብቀው ሩቅ ከተማም ይከፍላሉ። ላንሴት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ለ100,000 ሰው 20 የቀዶ ሕክምና፣ የሰመመንና የማህፀን ስፔሻሊስቶች ያስፈልጋሉ ብሏል፤ እኛ ይህን ቁጥር በሩቁ ነው የምናየው። ስለዚህ "ቆይ፣ ይብሰሉ" ማለትም በነፃ አይገኝም።

እኔ የሚታየኝ፣ በሩ የተዘጋው ለሁላችንም ሲባል ከሆነ ዕዳውም የሁላችን ነው። የጤና በጀት ሲመደብ ሊቆጠር የሚገባው ወጪ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ የተማረ ሐኪም ብቻውን አንድ ሆስፒታል ላይ መጣል የለበትም፤ ለአንድ ሁለት ዓመት ጎኑ የሚቆም የበሰለ ሰው ይመደብለት። "ይህን ቀዶ ሕክምና በቂ ጊዜ አልሠራሁም" ማለትም ደካማ እንዳያሰኘው። ሰነፍ ነው ብለው የሚያሙት ሲኒየሮች እንዳሉ አውቃለሁ። እኔ ግን ሆዴን የምሰጠው እንዲህ ለሚለው ነው።

ደግሞ ነገሩ ያለፈ ታሪክ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት አስቸኳይ ሁኔታው አብቅቷል ያለው በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ነው። በ2012 ጀማሪ ሬዚደንት የነበሩት ግን ዛሬ በየዞኑ ሆስፒታል ምላጭ የያዙ ሐኪሞች ናቸው። አንዳንዶቹም በተራቸው ያስተምራሉ፤ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ የእነሱን እጅ እያየ የሚማር ልጅ ቆሟል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከበድ ያለ ነገር ሲገጥማቸው ደውለው የሚጠይቁት ሰው አላቸው ይሆን?