ንስሩ የሰማው

እ.ኤ.አ. በ1945፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል፣ ፓይነር የተባለው የሶቪየት ልጆች ድርጅት አባላት ለአሜሪካው አምባሳደር ለአቬረል ሃሪማን አንድ የእንጨት ቅርጽ አበረከቱ። ክንፉን የዘረጋ ንስር ነው፤ በአንድ እግሩ የወይራ ዝንጣፊ፣ በሌላው ፍላጻ ጨብጧል። የአሜሪካ ታላቁ ማኅተም መሆኑ ነው። ሃሪማን ሞስኮ በሚገኘው ስፓሶ ሃውስ በተባለው መኖሪያቸው፣ የሥራ ክፍላቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። የጦር አጋር ልጆች ያመጡትን ስጦታ ማን ይጠረጥራል?

እንጨቱ ውስጥ በብር የተለበጠ ትንሽ የመዳብ ሲሊንደር ነበር። አንድ ጫፉ ላይ ስስ ሽፋን ተወጥሯል፤ ከጎኑ ቀጭን አንቴና ወጥቷል። ባትሪ የለው፣ ሽቦ የለው። ከውጭ የሬዲዮ ሞገድ ሲላክበት ብቻ ነፍስ ይዘራል፤ በክፍሉ የሚነገረው ቃል ሽፋኑን ያርገበግበዋል፣ ተመላሹ ሞገድም ያንን ድምፅ ይዞ ይወጣል። ሞገዱ ሲቋረጥ ዝም ያለ ብረት ነው፤ ፈታሾች ሳያገኙት የቆዩትም ለዚህ ነው። የሠራው ሌቭ ቴርሚን፣ በእጅ ሳይነካ የሚጫወት የሙዚቃ መሣሪያ የፈለሰፈው ሰው፣ በጊዜው ራሱ እስረኛ ነበር።

ንስሩ ሰባት ዓመት ሰማ። እ.ኤ.አ. በ1952 አምባሳደር ጆርጅ ኬናን፣ ቴክኒሺያኖች ቤቱን ሲያስሱ፣ ጸሐፊያቸውን አስቀምጠው የቆየ የዲፕሎማሲ ደብዳቤ ጮክ ብለው አነበቡ፤ አድማጩ ሥራውን እንዲጀምር። ንስሩ ተያዘ። ኬናን በትዝታ መጽሐፋቸው እንደጻፉት፣ የማይታይ ሰው አብሯቸው እንዳለ፣ ትንፋሹም ሊሰማ ምንም እንዳልቀረው ተሰምቷቸው ነበር።

ከእሳቸው በፊት የነበሩት ሦስት አምባሳደሮች ግን ሳያውቁ ተናግረው፣ ሳያውቁ ሄዱ። ያላወቀ ሰው ታዲያ ምን ተበደለ? ለአማኝ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል፤ እግዚአብሔር የልብን ሐሳብ እንኳ ይሰማል ብሎ የሚያምን ሰው በግድግዳ ጆሮ ስለምን ይቆጣል?

የሚጸልይ ሰው ማን ፊት እንደቆመ ያውቃል። ንስሐ የሚገባም የነፍስ አባቱን መርጦ ነው የሚናገረው፤ እሳቸውም የሰሙትን እስከ መቃብር የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው። ቃሉን የተቀበለ ሸክሙንም ይቀበላል። የተደበቀው ጆሮ ግን ቃሉን ወስዶ ለተናጋሪው ምንም ዕዳ አይገባም። የሚወስደውም ምስጢርን ብቻ አይደለም፤ ከማን ጋር እንደሚነጋገር የመምረጥ መብትንም ነው። ቤቱ የተዘረፈ ሰው እስኪያውቅ ድረስ አልተዘረፈም አይባልም።

ኢማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1795 ስለ ዘላለማዊ ሰላም በጻፈው ድርሰት፣ የሌሎችን መብት የሚነካ ድርጊት መርሁ በአደባባይ ቢነገር የማይጸና ከሆነ ፍትሐዊ አይደለም ይላል። ንስሩ ይህን ፈተና ከቶ አያልፍም፤ ውስጡ ማይክሮፎን አለ በተባለ ቀን ሥራው ያበቃል። ፍርድ ቤት የፈቀደው የስልክ ጠለፋስ ስውር አይደለም ወይ? ስውር ነው፤ ነገር ግን የሚፈቅደውን ሕግ ሁሉም ያነበዋል፣ የፈቀደው ዳኛም ይታወቃል።

ሚዛኑ ለዋሽንግተንም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ዩ-2 የተባለው የስለላ አውሮፕላኗ በሶቪየት ሰማይ ላይ ተመትቶ ወድቆ በጸጥታው ምክር ቤት ስትከሰስ፣ አምባሳደሯ ሄንሪ ካቦት ሎጅ ንስሩን ይዘው ቀረቡ። የሌላውን ጆሮ ማሳየት የራስን ዓይን ንጹሕ አያደርግም።

ጉዳዩ አዲስ አበባም ደርሷል። በጥር 2018 እ.ኤ.አ. የፈረንሳዩ ጋዜጣ ለ ሞንድ፣ ቻይና በ200 ሚሊዮን ዶላር ሠርታ ካበረከተችው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ መረጃ በየሌሊቱ ወደ ሻንጋይ ይላክ እንደነበር፣ በጠረጴዛና በግድግዳ ውስጥም ማይክሮፎኖች እንደተገኙ ዘገበ። ቤጂንግ አስተባበለች፤ በወቅቱ የኅብረቱ ኮሚሽን ሊቀመንበር የነበሩት ሙሳ ፋኪ ማሃማትም የስለላ ምልክት አላየሁም አሉ። እዚያ የሚሰበሰብ ልዑክ ግን በማስተባበያ ብቻ አፉን ሞልቶ ሊናገር አይችልም። ማን እንደሚሰማው የማወቅ መብት አለው፤ ይህንንም ሊያረጋግጥለት የሚገባው ሕንፃውን የሰጠው አገር ሳይሆን ኅብረቱ ራሱ ነው፣ ክፍሎቹን በየጊዜው አስፈትሾ ውጤቱን ለአባል አገሮች በማቅረብ።