የልብ ደጅ

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ሌባ እንዳይገባበት በሌሊት ደጁን የማይዘጋ፥ እንግዳ ሲመጣም በቀን የማይከፍት የቤት ጌታ ማን ነው? ነገር ግን ከቤት ደጅ የከበረ ሌላ ደጅ አለን፤ እርሱን ያለ ጠባቂ ትተነዋል። ይህም አፋችን ነው።

ይህን ለአገራችን ሰዎች ያስተማረ፥ እነርሱም አቡነ ያዕቆብ ብለው የጠሩት፥ ቅዱስ ዮስጢኖስ ዴ ያቆቢስ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1800 ዓመት በኢጣልያ አገር በሳን ፌሌ ተወለደ፤ በ1839 ዓድዋ ገባ። በማግሥቱ ዓመት በዚያ ሲሰብክ አፍ የልብ ደጅ፥ ቃልም የደጁ መክፈቻ መሆኑን አስረዳ። ጌታችንም አፍ በልብ ከሞላው እንዲናገር በወንጌል ነግሮናልና፥ የአገልጋዩ ትምህርት ከጌታው የተቀዳ ነው።

ትምህርቱንም በሥራ አጸናው። ቋንቋችንን ተማረ፤ እንደ አገራችን ካህናትም ለበሰ። በ1854 ከፎገራ ሜዳ በስተ ሰሜን ባለችው በጎንደር ታሰረ፤ ነገር ግን በነጻነት የተናገረውን በእስር አልካደም። በ1860 በምጽዋ በኩል ባለው ቈላ በመንገድ ላይ ሳለ ዐረፈ። ቤተ ክርስቲያንም በ1975 ከቅዱሳን ቈጠረችው።

እንግዲህ እኛ ደጃችንን እንዴት እንጠብቃለን? በወረታ ገበያ አንዱ ከላይ መልካሙን ሩዝ፥ ከታች ስባሪውን አድርጎ፥ ሁሉም አንድ ነው ብሎ ቢምል፥ ሚዛኑ ባይጐድል እንኳ ልቡ ጐድሏል። በሐሰት ደጁን ከፍቷልና።

ደግሞም ያለ ጊዜው ደጁን የሚዘጋ አለ። ርብና ጕማራ በክረምት ሞልተው የእርሻ ድንበር ባጠፉ ጊዜ ሁለት ጎረቤቶች ይጣላሉ። ድንበሩ የት እንደ ነበረ የሚያውቅ ሦስተኛው ሰው፥ ምን አገባኝ ብሎ ዝም ይላል። እነዚያ ዱላ ቢማዘዙና ደም ቢፈስ፥ እኔ አንዳች አልተናገርሁም ማለት ያድነዋልን? ሐሰት ኃጢአት እንደ ሆነ፥ እውነትን መሸሸግም ኃጢአት ነው።

ስለዚህ ወዳጆቼ፥ ማለዳ ተነሥታችሁ ስትጸልዩ፥ ዛሬ በአፌ የሚወጣው በልቤ ያለው ይሁን፥ በልቤም ያለው አንተን ደስ የሚያሰኝ ይሁን ብላችሁ እግዚአብሔርን ለምኑ። ማታም ሳትተኙ ቃላችሁን መርምሩ፤ ማንን አቈሰልሁ? ስለ ማን መናገር ሲገባኝ ዝም አልሁ? በድላችሁ ብትገኙ ፀሐይ ሳትጠልቅ፥ ቢመሽም በነጋው ማልዳችሁ፥ ወደ በደላችሁት ሰው ሂዱና ይቅርታ ለምኑ። በዚያን ጊዜ ደጁ በእውነት ይከፈታል፤ ጌታም ይገባበታል። አሜን።