በዕለተ ስቅለት ስለ መጣው ባዕድ

ስለ ሩቅ ሕዝብ ስደትና መከራ የሚተርክ ታሪካዊ ልብ ወለድ በእጁ የገባ አንባቢ፣ ባለታሪኩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እንደ እንግዳ ተቀብሎ ማዘን ይቀናዋል፤ ነገር ግን የዚያ ስደተኛ ወገኖች አስቀድመው በገዛ አገሩ ላይ ነፍጥ አንሥተው የዘመቱ መሆናቸውን ያወቀ እንደ ሆነ፣ ኅዘኑ ከቂሙ ጋር ስለሚጋጭበት፣ በመጽሐፉ ላይ የሚሰጠው ፍርድ የድርሰትን ውበት ከመመዘን አልፎ የሃይማኖትና የኅሊና ጥያቄ ይሆንበታል። የሕንድ ሲኮች በአፍሪቃ ያሳለፉትን የስደት ኑሮ የሚያወሳ ድርሰት በወሎ ምድር በመካነ ሰላም፣ በሳይንት፣ በለጋምቦና በተንታ ሰው ፊት ሲቀርብ የሚነሣው ጥያቄ ይኸው ነው።

በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1896 እስከ 1901 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ከሞምባሳ ወደብ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚደርሰውን የባቡር ሐዲድ ሲያሠራ፣ 32,000 ያህል የጉልበት ሠራተኞችን፣ አብዛኞቹንም ከሲኮች አገር ከፑንጃብ፣ በውል አስገብቶ በመርከብ አመጣ፤ ከእነዚህ 2,500 የሚያህሉት በበሽታ፣ በአደጋና በአንበሳ ሲያልቁ፣ ከተረፉት የሚበዙት ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ 6,700 ያህሉ እዚያው ቀርተው ኑሮ መሠረቱ። ኋላ ከሕንድ መጥተው ከተቀላቀሉአቸው ሲኮች አንዱ ማካን ሲንግ የኬንያን ሠራተኞች በማኅበር አደራጅቶ፣ በ1950 ሙሉ ነጻነት ይሰጠን ብሎ በአደባባይ በመናገሩ እስከ 1961 ድረስ በግዞት ተቀመጠ። ኤም. ጂ. ቫሳንጂ በ2003 ያሳተመው የቪክራም ላል ታሪክ፣ ምንም እንኳ ባለታሪኩ ሲክ ሳይሆን ሂንዱ ቢሆን፣ አያቱ ሐዲድ ሊዘረጋ ከፑንጃብ የመጣ፣ እርሱ ግን በተወለደባት ምድር እንደ መጤ የሚቆጠር ሰው ምን ዓይነት ልብ ይዞ እንደሚኖር ያሳያል። እንዲህ ያለውን ታሪክ አንብቦ የማያዝን ሰው አለ ብዬ አላምንም።

ይሁን እንጂ ሐዲዱ ከመጀመሩ 28 ዓመት በፊት የፑንጃብ ሰው ወደ ወሎ መጥቶ ነበር። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ካመጣው ሠራዊት መካከል 23ኛው የፑንጃብ ፓዮኒር የተባለው ክፍለ ጦር ይገኝበታል፤ ይህም ጦር በብዛት የተመለመለው ማዝሃቢ ከሚባሉት ሲኮች ሲሆን፣ እነርሱ በአገራቸው በትውልድ ዝቅ ተደርገው የሚታዩ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1857 ለውትድርና እስኪጠሩ ድረስ የመስኖ ቦይ ሲቆፍሩ የኖሩ ድኾች ነበሩ። አገራቸው ፑንጃብ በእንግሊዝ እጅ ከወደቀች ገና 19 ዓመት መሆኑ ነበር። ውጊያው የተደረገው በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ ዓመት በዓለ ትንሣኤ በእኛም በእንግሊዝም አቆጣጠር በአንድ ቀን ስለ ገጠመ፣ ዕለቱ ለሁለቱም ወገን ስቅለት ነበር። የበሽሎን ወንዝ የተሻገረው የእንግሊዝ ጦር አሮጌ በተባለው ስፍራ ሲደርስ፣ ፊታውራሪ ገብርዬ ሠራዊታቸውን ይዘው ፋላ ከተባለው ተራራ ቁልቁል ወረዱበት። በእንግሊዞቹ እጅ የነበረው ስናይደር የተባለው ከኋላው የሚጎርስ አዲስ ጠመንጃ ሲሆን፣ ለፑንጃቦቹ የተሰጣቸው ግን በአፈሙዙ የሚጎረስ አሮጌ ነፍጥ ነበርና፣ በተራራ ላይ ባሉት የእንግሊዝ መድፎች አጠገብ የእኛ ሰው በጦርና በጎራዴ፣ እነርሱም በሳንጃ፣ ዝናብ እየወረደባቸው እጅ ለእጅ ተያያዙ። ፊታውራሪ ገብርዬና 700 የሚያህሉ ሰዎች በዚያ ወደቁ፤ ከእንግሊዝ ወገን የቆሰሉት 20 ሲሆኑ ከእነርሱ የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱም በትንሣኤ ማግሥት፣ ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን፣ በገዛ እጃቸው ሞቱ።

እንግዲህ ይህን የሚያውቅ አንባቢ ስለ ሲኩ ስደተኛ ሲያነብ፣ አንዱ «አያቶቼን የገደለው ወገን ቢሰደድ ምን ገዶኝ!» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ወታደር የታዘዘውን ይፈጽማል፤ ያለፈው አልፏል» ብሎ መዝገቡን ይዘጋል። ለእኔ ሁለቱም ችኩል ፍርድ ነው። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህራን አንዱን ኃይለ ቃል «አንድም» እያሉ ሲያመሠጥሩ የኋለኛው ሐተታ የፊተኛውን አይሽርም፤ የተድባበ ማርያም አገር ሰው እንዲህ ያለውን ንባብ ከማንም ለመማር አይቸገርም። ሲኩ ገዳይ ነበር፤ አንድም አገሩን የተነጠቀ ምስኪን ነበር፤ አንድም ልጁ በሰው አገር ስደተኛ ሆነ። ይህን ሁሉ በአንድነት የማይሸከም ንባብ ጎዶሎ ነው።

ውጊያው የተደረገበት ዕለት ራሱ ለክርስቲያን አንባቢ ትልቅ ትምህርት አለው። በዚያች ዓርብ በቤተ ክርስቲያን የሚታሰበው ግፍ የተፈጸመው ከሩቅ በመጣ የቄሣር ጭፍራ እጅ ነውና። የጌታን ጎን በጦር የወጋው ለንጊኖስ፣ ታዛዥ ወታደር ሆኖ ሳለ፣ ኋላ አምኖ ሰማዕትነት ስለ ተቀበለ በስንክሳር ይታሰባል፤ ቤተ ክርስቲያንም የወጋበትን ጦር ሳትረሳ ሰውዬውን ከቅዱሳን ቆጥራዋለች። ለንጊኖስ ተጸጽቷል፣ የአሮጌው ጭፍራ ግን መጸጸቱን ማን አየ? የሚል ቢኖር ጥያቄው የሚገባ ነው። መልሱ ግን በልብ ወለዱ የምናገኘው ሰው ጭፍራው ሳይሆን የልጅ ልጁ መሆኑ ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤል ልጅ በአባቱ ኃጢአት እንደማይያዝ አስተምሯል፤ በቁርኣንም አንዲት ነፍስ በሌላዋ ኃጢአት አትጠየቅም። እንግዲህ የወሎ ክርስቲያንና እስላም በየመጽሐፋቸው አንድ ፍርድ ተሰጥቷቸዋል።

ነገር ግን በደል ባይወረስም የተዘረፈ ንብረት ይወረሳል፤ ይህን መለየት የርትዕ ሥራ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ያሰባሰቧቸው የብራና መጻሕፍት ተዘርፈው በደላንታ ሜዳ በሐራጅ ሲሸጡ፣ ብዙዎቹን የገዛው የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪል ሪቻርድ ሆልምስ ሲሆን፣ የሽያጩ ገንዘብ ለወታደሮች ተከፋፈለ። አምባውን ሰብሮ የገባው 33ኛው የእንግሊዝ ክፍለ ጦር ነው። እንግዲህ የዕዳው ጥያቄ መቅረብ ያለበት መጻሕፍቱን ይዞ ለሚገኘው ቤተ መጻሕፍት ነው እንጂ፣ በናይሮቢ አናጢ ሆኖ ለኖረው የፑንጃብ ሰው አይደለም።

ስለ ሲኮች ሃይማኖት ባወቅሁ ቁጥር ይህ የመጻሕፍት ነገር ይበልጥ ያሳዝነኛል። ሲኮች ከዐሥረኛው ጉሩአቸው በኋላ ሰው መምህር አድርገው አልሾሙም፤ ጉሩ ግራንት ሳሂብ የተባለውን መጽሐፍ ሕያው መምህር ነው ብለው በዙፋን ያስቀምጡታል፣ ያማረ ጨርቅ ያለብሱታል፣ ከስፍራ ወደ ስፍራ ሲወሰድም በራስ ላይ ተሸክመውት ይሄዳሉ። በመጽሐፉም ውስጥ ሼህ ፋሪድን የመሰለ የእስላም ሊቅ የደረሰው ዝማሬ ከጉሩዎቹ ዝማሬ ጋር ተጽፏል። ወንጌሉን በሐር ጠቅልሎ በማኅደር ለሚያኖር ካህን፣ መንዙማ ለሚያወርድ ሼህም፣ ይህ ልማድ ባዕድ አይሆንም፤ ለመጽሐፍ የሚሰግድ ሰው መጽሐፍ ከሚዘረፍበት አምባ ሥር ተሰልፎ መገኘቱ ግን የቅኝ ግዛት ኃጢአት ምን ያህል ጥልቅ እንደ ሆነ ያስረዳል።

ከሞምባሳ ወደ ናይሮቢ በሚወስደው መንገድ ላይ ማኪንዱ በተባለች ከተማ፣ በሐዲዱ አጠገብ፣ የሲኮች ቤተ ጸሎት አለ፤ መንገደኛ ሁሉ ሃይማኖቱ ሳይጠየቅ በዚያ ያለ ዋጋ ይመገባል። ምግቡ ሥጋ የሌለበት የሆነው ማንም ከማዕድ እንዳይለይ ነው። በወሎ ክርስቲያኑ ለእስላም እንግዳው፣ እስላሙም ለክርስቲያን እንግዳው፣ የእምነቱ ሰው ባርኮ እንዲያርድለት በጉን ያስረክባል፤ መንገዱ ቢለያይም ምክንያቱ ያው ነው። ሲኩ ወደ እኛ የመጣው በጠላትነት ብቻ አይደለምና፣ በእኛ አቆጣጠር በ1933 ዓ.ም. በከረን ተራሮች ፋሽስቱን ጣልያን ከተዋጉት መካከል ሲኮች እንደ ነበሩ ማስታወስ ይገባል።

ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ አቤ ጉበኛም በ«አንድ ለናቱ» የንጉሠ ነገሥቱን ታሪክ በልብ ወለድ አቅርበውልናል። አሁን የሚያስፈልገን የአሮጌው ቁልቁለት ልብ ወለድ ነው፤ ከፋላ የወረደው ባለ ጦርና ከቦይ ቁፋሮ ተነሥቶ የመጣው ማዝሃቢ፣ ሁለቱም ስምና እናት ኖሯቸው የሚገናኙበት። በመካነ ሰላም፣ በአጅባር፣ በአቀስታና በተንታ ያላችሁ ወጣት ጸሐፍት ሆይ፣ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደውን ነገር ከሚያውቁ ሽማግሎች ዛሬውኑ ጠይቃችሁ መዝግቡ፤ ይህን መጽሐፍ ልትጽፉት የሚገባችሁ እናንተ ናችሁ።