ላየትሪል፦ በሞት አፋፍ ላይ ላለ ሰው የተሸጠ ተስፋ

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ብዙ አሜሪካውያን የካንሰር ሕመምተኞች ላየትሪል የሚባል መድኃኒት ፍለጋ ድንበር ተሻግረው ሜክሲኮ ይገቡ ነበር። ላየትሪል የሚሠራው በአፕሪኮት ዘር ውስጥ ካለው አሚግዳሊን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። ሻጮቹ «ቫይታሚን ቢ17» ይሉት ነበር፤ ቫይታሚን ግን አይደለም።

የአሜሪካ መንግሥት የመፈወሱ ማስረጃ የለም ብሎ ሲከለክለው ሕመምተኞች ፍርድ ቤት ቆሙ። ክርክራቸው ልብ ይነካል፦ «ለመሞት የቀረበን ሰው ከምን ልትጠብቁት ነው?» ከ20 በላይ ክፍለ ግዛቶችም በየፊናቸው መድኃኒቱን ፈቀዱ። እ.ኤ.አ. በ1979 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ የመድኃኒት ሕግ ለሞት የተቃረበውንም ሰው ይጠብቃል ሲል በአንድ ድምፅ ወሰነ። ማን ከመዳን እንዳለፈ አስቀድሞ ማወቅ ብዙ ጊዜ አይቻልም፤ ሊድን ይችል የነበረ ሰው በከንቱ መድኃኒት ተስቦ ትክክለኛውን ሕክምና ሊተው ይችላል።

ክርክሩ ግን በፍርድ አልበረደም። በ1980 ታዋቂው የፊልም ተዋናይ ስቲቭ ማክዊን በሜሶቴሊዮማ ካንሰር ታሞ ሜክሲኮ ሄደ፤ ላየትሪልም ወሰደ። እየተሻለው ነው ተብሎ ተወራ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ወር፣ ዕጢው በቀዶ ሕክምና ከወጣለት በኋላ በ50 ዓመቱ አረፈ።

ጥያቄውን የቋጨው ፍተሻ ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ድጋፍ ማዮ ክሊኒክን ጨምሮ በአራት የሕክምና ማዕከላት 178 ሕመምተኞች አሚግዳሊኑን፣ አብሮ የሚታዘዘውን ምግብና ቫይታሚን ጭምር ወሰዱ። ውጤቱ በ1982 ታተመ። ካንሰሩን አልፈወሰም፣ እድገቱን አልገታም፣ ሥቃይን አላቀለለም፣ ዕድሜም አልቀጠለም። ይልቁንም አሚግዳሊን ሆድ ውስጥ ሲፈርስ ሳያናይድ የሚባለውን መርዝ ስለሚለቅ፣ በአንዳንዶቹ ላይ የመመረዝ ምልክት ታየ።

እኛም ቤት ይኸው ጥያቄ አለ። ሐኪም «ወደ ቤት ውሰዱት» ሲል ቤተሰብ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ሥር ማሹም፣ ከውጭ አገር የሚላከው እንክብልም ይሞከራል። ይህን የሚያደርገው ፍቅር ነውና አልነቅፍም። ጸሎትና ጠበልም ከሕክምና ጋር አብረው መሄድ ይችላሉ። የምቃወመው ማስታገሻ ተቋርጦ በሽተኛው በሥቃይ እንዲያልፍ መደረጉን፣ ላልተፈተነ ነገር ሲባልም የልጆች ቤት መሸጡን ነው።

በጠና የታመመ ሰው አዲስ ነገር የመሞከር መብት አለው። ያ ሙከራ ግን ሐኪም እየተከታተለው፣ ጉዳቱ በግልጽ ተነግሮት፣ ውጤቱ ተመዝግቦ መሆን አለበት። እነዚያ 178 ሰዎች ባይድኑም ከእነሱ በኋላ ለመጡት እውነቱን ትተዋል።

ስለዚህ ለአስታማሚዎች የምለው ይህ ነው። መድኃኒቱን የሚያቀርበውን ሰው ሦስት ነገር ጠይቁት፦ በስንት ሰው ላይ ተፈተነ? ጉዳቱ ምንድን ነው? ሐኪማችን ቢያውቅ ትፈቅዳለህ? የመጨረሻውን ጥያቄ ከሸሸ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የሚወስደውን መድኃኒት ከሐኪሙ የሚደብቅም እንዲሁ ነው። ማስታገሻውን አታቋርጡ፣ ቀሪውንም ጊዜ ከታመመው ሰው ጎን ሆናችሁ አሳልፉት።