ሐሳቧን ሳንቀበል እሷን መቀበል

«ሃይማኖት የግል ነው፣ ሀገር የጋራ ነው» ሲባል ሰምተን አድገናል። አባባሉ ጠቅሞናል። ቡርጅ ሐሙድ በአንድ ክፍል ውስጥ አንዷ ጾማ፣ አንዷ ለሶላት ተነስታ፣ ሌላዋ መዝሙር ከፍታ አብረው ይኖራሉ። የከበደው የምንጣላበት ነገር ራሱ ሀገር ሲሆን ነው።

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን የተካሄደው ጦርነት እዚህም ክፍላችን ድረስ ገብቶ ነበር። አንዷ የእናቷን ድምፅ ከሰማች ወራት ትቆጥራለች፤ ሌላዋ የዘመተው ወንድሟ ወሬው ጠፍቶባታል። ሁለቱም ያለቅሳሉ፤ ግን አንዷ የሌላዋን ለቅሶ እንደ ስድብ ትሰማዋለች። አብረው የበሉ ተለያዩ፣ ዕቁብ ፈረሰ።

እንዲህ ሲሆን «ፖለቲካ አታውሩ» የሚል ምክር ይመጣል። ለአንድ ምሽት ይሠራ ይሆናል። ግን ዝምታ መከባበር አይደለም። የሞተባትን ሰው ስም መጥራት የማትችል ሴት በገዛ ክፍሏ እንግዳ ናት። ማክበር ማለት «ልክ ነሽ» ማለትም አይደለም። ግፍን ግፍ ነው ማለት የግድ ነው።

ታዲያ ማክበር ምንድነው? ለእኔ፣ ፊቴ የተቀመጠችውን ሴት የወገኗን ዕዳ አለማስከፈል ነው። ጥይቱን የተኮሰችው እሷ አይደለችም። መልስ ከመስጠቴ በፊት «አንቺስ ማን ሞተብሽ?» ብዬ መጠየቅ ነው።

ይህን እድር ድሮ ያውቀዋል። ድንኳን ሲተከል የሟቹ አቋም አይጠየቅም። የተኳረፈ ጎረቤት እንኳ ለቅሶ ይደርሳል። ኩርፊያው አለቀ ማለት አይደለም፤ ከኩርፊያው በላይ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። በ2012 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አሠሪዎች እህቶቻችንን ቤይሩት ቆንስላው በር ላይ ጥለው ሲሄዱ ብሔራቸውን አልጠየቁም። ታዲያ እኛ ስንረዳዳ ለምን እንጠይቃለን?

ልክም አለው። በወገኔ ሞት ከምታፌዝ ሴት ጋር ቡና እንድጠጣ ማንም አያስገድደኝም፤ መራቅ እችላለሁ። ግን ስትታመም ሐኪም ቤት ለማድረስ፣ ደሞዟ ሲከለከል አብሬያት ለመቆም፣ «መጀመሪያ ሐሳብሽን ቀይሪ» አልላትም። ፍቅር የምለው ይህንን ነው፤ ደስ ባይለኝም አደርገዋለሁ።

ክርክራችን ገና ብዙ ዓመት ይፈጃል። እስከዚያው መታመምም መሞትም አይቀርም፤ ያን ቀን በዚህ ሀገር በራችንን የምታንኳኳው ደግሞ ያቺው የተከራከርናት እህት ናት።